ክረምቱ ሲገባ ልጆቻችን የት ይዋሉ?

እንደሚታወቀው በአገራችን የትምህርት ዘመን የሚጠናቀቀው ዝናቡ እየበረታ፣ ጭቃው እየበዛ በሚሄድበት በሰኔ ወር መጨረሻ ነው። የተማሪዎች ካርድ ከታደለ በኋላ የትምህርት ቤቱ በር ይዘጋል። ልጆች ደብተራቸውን አስቀምጠው በደስታ ሲፈነድቁ፣ የሠራተኛዋ እናት ሐሳብ ግን ያን ዕለት ይጀምራል። «ነገ ጠዋት እኔ ወደ ሥራዬ ስሄድ እነዚህ ልጆች ከማን ጋር ይውላሉ?» የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ በዚህ ወቅት በየቤቱ ይነሣል። ለዓምዳችን አንባብያት አዲስ ነገር ባይሆንም፣ ብዙዎቻችን መልስ የምንፈልግለት ክረምቱ ከገባ በኋላ በመሆኑ ዛሬ ሰፋ አድርገን እንመለከተዋለን።

በመጀመሪያ ቀኖቹን እንቁጠራቸው። ሐምሌ 30 ቀን፣ ነሐሴ 30 ቀን፣ ጳጉሜን 5 ቀን ሲደመሩ 65 ቀን ይሆናሉ። ቅዳሜና እሑድ ሲቀነሱ ወደ 46 የሚጠጉ የሥራ ቀኖች ይቀራሉ። በሌላ በኩል በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አንድ ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ዕረፍት እንዲያገኝ፣ ከዚያም ለእያንዳንዱ ሁለት ተጨማሪ የአገልግሎት ዓመት አንድ ቀን እንዲጨመርለት ይደነግጋል። እንግዲህ እናትም አባትም በሥራቸው ገና አዲስ ከሆኑ የሁለቱ ዕረፍት ተደምሮ 32 ቀን ነው። ለበዓል፣ ለሕመም፣ ለለቅሶ አንድም ቀን ሳያስቀሩ፣ ተራ በተራ ቤት ቢውሉ እንኳ 14 የሥራ ቀን ያለ ጠባቂ ይቀራል። ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ዘንድ ደግሞ ጉድለቱ 30 ቀን ይደርሳል። ችግሩ የእናት ስንፍና ወይም የልጅ መረን መውጣት አይደለም፤ የቀን ቁጥር ነው። ስለዚህም መፍትሔው በቁጣ ሳይሆን በዕቅድ የሚገኝ ነው።

ከከተማው ዳር ለሚኖሩ ቤተሰቦች ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ቀደም ባለው ጊዜ በመሐል ከተማ በየሰፈሩ አንዲት አያት፣ አንዲት አክስት ወይም በሩ ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ጎረቤት አይጠፋም ነበር። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እናቱ ባትኖር ከጎረቤት ምሳውን በልቶ ይውላል፤ ቢያጠፋም የሚቆጣው ሰው ብዙ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ግንባታ ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ጀሞ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቦሌ አራብሳ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱና ወደ ኮዬ ፈጬ ሄደዋል። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎና ሱሉልታም አዲስ አበባ ውላ የምትመለስ እናት በብዛት የሚኖርባቸው ናቸው። የራስ ቤት ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ቤቱን ያገኘነው ከአያትና ከአክስት ርቀን ነው። የታክሲና የአውቶቡስ ሰልፍ ለመያዝ እናት ገና ሳይነጋ ትወጣለች፤ ስትመለስም መሽቷል። የፎቅ ጎረቤትም እንደዚያው ነው። በደረጃው ላይ ተገናኝቶ «እንዴት አደራችሁ» ከመባባል ያለፈ ትውውቅ የሌለበት ሕንፃ ጥቂት አይደለም።

በር ቆልፎ መሄድ

ልጆችን ቤት ውስጥ ቆልፎ ወደ ሥራ መሄድ በብዙ መንደሮች የተለመደ ነው። የሚያደርጉት እናቶች ጨካኞች ስለ ሆኑ አይደለም፤ ሌላ መንገድ ስላጡ ነው። ሆኖም ቁልፍ ሌባን ያስቀር ይሆናል እንጂ እሳትን አያስቀርም። በክረምት ብርድ ልጆች ለመሞቅ ከሰል ያቀጣጥላሉ። መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ ይለቃል፤ ያፈዝዛል፣ ያስተኛል፣ ከዚያም ይገድላል። ምድጃ፣ ቡታጋዝ፣ የኤሌክትሪክ ገመድና የፈላ ውኃም ለብቻው ለዋለ ልጅ አደጋ ናቸው። በሩ ከውጭ ተቆልፎ ከሆነ ደግሞ የሚጮኸውን ልጅ ጎረቤት ቢሰማውም ሊደርስለት አይችልም።

በሩ ክፍት ቢተውስ? በከተማው ዳር በየቦታው ድንጋይና ገረጋንቲ ተቆፍሮ የወጣባቸው ጉድጓዶች አሉ። በበጋ ባዶ የነበሩት በሐምሌና በነሐሴ ውኃ ይሞላሉ። ውኃው ደፍርሶ ጥልቀቱ አይታይም፤ ጠርዙ ጭቃ ስለ ሆነ ገብቶ መውጣት ዋናተኛውንም ያስቸግራል። ወንዞችም ከላይ በዘነበ ዝናብ ድንገት ይሞላሉ። ልጆቻችሁን «ውኃ አጠገብ አትሂዱ» ከማለት አልፋችሁ ጉድጓዱ የት እንዳለ አብራችሁ ሄዳችሁ አሳዩአቸው፤ ምክንያቱንም ንገሩአቸው። ምክንያቱን የሚያውቅ ልጅ ከተከለከለ ልጅ ይልቅ ይጠነቀቃል።

ሌላም ልንሸሽገው የማይገባ ነገር አለ። በልጆች ላይ የሚፈጸም ጥቃት ብዙ ጊዜ ከማይታወቅ ሰው የሚመጣ አይደለም፤ ቤቱን ከሚያውቅ፣ ልጁን በስሙ ከሚጠራ ሰው ይመጣል። ሴት ልጅም ወንድ ልጅም ሰውነቱን ማንም እንዲነካው እንደማይገባ፣ «ለእናትህ እንዳትናገር» የሚል ሰው ካጋጠመው ያንኑ ዕለት ለእናቱ መናገር እንዳለበት፣ ቢናገርም እንደማይቆጡት በግልጽ ሊነገረው ይገባል። ይህን መናገር ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሳይነገር መቅረቱ ነው።

በነፃ የሚገኙ መዋያዎች

በውጭ አገር ለልጆች የክረምት ካምፕ የሚባል ነገር አለ። ልጆች ለሳምንታት ከከተማ ወጥተው በድንኳን ወይም በእንጨት ቤት እያደሩ ይጫወታሉ፣ ይማራሉ። እዚያ ግን የትምህርት ቤት ዕረፍት የሚውለው በሞቃቱና በደረቁ ወራት ነው። የእኛ ዕረፍት የዝናብ ወቅት ስለ ሆነ ለእኛ የሚስማማው ጣሪያ ያለው፣ ከቤት ብዙ የማይርቅ፣ ልጁ ጠዋት ሄዶ ማታ የሚመለስበት መዋያ ነው። በከተማችንም «የክረምት ካምፕ»፣ «የክረምት ኮርስ» እየተባለ የሚጠራው በአብዛኛው ይኸው ነው።

ገንዘብ የማይጠይቀውን እናስቀድም። የመጀመሪያው የእምነት ተቋም ነው። አብያተ ክርስቲያናት በክረምት ለልጆች ፊደል፣ ግዕዝ፣ መዝሙርና ሥነ ምግባር ያስተምራሉ፤ በመስጊዶችም የቁርአን ትምህርት በክረምት ይበረታል። ቅርብ ናቸው፤ ልጁም ሰፈር ውስጥ ካሉ ልጆች ጋር ይተዋወቃል። ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተምሩት ግማሽ ቀን ነውና ቀሪው ግማሽ ቀን የት እንደሚያልፍ አስቀድማችሁ አስቡ።

ሁለተኛው ቤተ መጻሕፍት ነው። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ብዙዎቻችን ወመዘክር ብለን የምናውቀው፣ ስንት ትውልድ አንብቦበታል። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ለልጆች የተዘጋጀ ክፍል አለው። ከቦሌ አራብሳ ወይም ከሰበታ ልጅን በየቀኑ ወደ አራት ኪሎ መላክ አይቻልም፤ የታክሲውም ገንዘብ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ከሳምንቱ ቅዳሜን ለዚህ መመደብ ይበቃል። አባት ልጆቹን ይዞ ይውጣ፤ እናት ለአንድ ግማሽ ቀን ብቻዋን ትረፍ። በአቅራቢያችሁ ወረዳ ወይም ወጣት ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ካለ ደግሞ እርሱ ይቀድማል፤ ልጁ በእግሩ የሚደርስበት መቶ መጽሐፍ በሩቅ ካለው መቶ ሺህ መጽሐፍ ይሻለዋልና።

በዚያው ቅዳሜ ብሔራዊ ሙዚየም ሊታከል ይችላል። በኅዳር 1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘችውን ድንቅነሽን በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቃት ልጅ በዓይኑ ሲያያት የሚጠይቀው ጥያቄ ለአንድ ሳምንት አያልቅም። ስድስት ኪሎ በዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የብሔረሰቦች ባህል ሙዚየምም፣ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው ሳይንስ ሙዚየምም እንዲሁ ናቸው። ሰዓታቸውንና የመግቢያ ዋጋቸውን ከመሄዳችሁ በፊት አጣሩ፤ በዝናብ ልጅ ይዞ ደጅ መመለስ ያሰለቻልና።

ክፍያ ያለባቸው

የግል ትምህርት ቤቶች የክረምት ክፍል ይከፍታሉ። ኮምፒውተር፣ ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ የውጭ ቋንቋ፣ ቴኳንዶ፣ ዋና፣ እግር ኳስ የሚያስተምሩም ሞልተዋል። በየመብራት ምሰሶው ላይ ወረቀታቸውን ይለጥፋሉ። ከወረቀቱ በፊት ግን ቦታውን እዩት። አንዲት እናት ልጅዋን ከማስመዝገቧ በፊት ብትጠይቃቸው የምንመክራቸውን ጥያቄዎች እንደሚከተለው ዘርዝረናል።

አንደኛ፣ ልጆቹ ስንት ናቸው? የሚጠብቋቸውስ? አንድ አስተማሪ አርባ ልጅ ይዞ ከዋለ ልጁ ተጠበቀ አይባልም። ሁለተኛ፣ በሩን የሚጠብቀው ማን ነው? ልጁን ከወላጁ ሌላ ሰው መጥቶ ቢጠይቅ ይሰጡታል? ሦስተኛ፣ ሽንት ቤቱ ንጹሕ ነው? ለሴቶችና ለወንዶች ለየብቻ ነው? በሩስ ይዘጋል? ለደረሰች ልጅ ይህ ጥያቄ ከኮምፒውተሩ ቁጥር ይበልጣል። አራተኛ፣ የሚጠጣው ውኃ የተጣራ ወይም የፈላ ነው? በክረምት የሆድ በሽታ የሚበረታው በውኃ ነው። አምስተኛ፣ ሕንፃው ደረጃና በረንዳው መከለያ አለው? ስድስተኛ፣ ከሰዓት በኋላ ምን ያደርጋሉ? መልሱ «ፊልም እናሳያቸዋለን» ከሆነ ፊልሙን በቤታችሁ በነፃ ማየት ይቻላል። ሰባተኛ፣ የከፈላችሁበት ደረሰኝ ይሰጣል? ፈቃድስ አላቸው? ስምንተኛ፣ ልጁ ቢታመም ለማን ይደውላሉ? ወደ የትኛው ጤና ጣቢያ ይወስዱታል?

ከተመዘገበም በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን ሳትናገሩ ሂዱ። ደህና የሆነ ቦታ በድንገት በመጣ ወላጅ አይደነግጥም። ማታ ማታም ልጁን «ምን ተማርክ?» ብቻ ሳይሆን «ከማን ጋር ተጫወትክ? ማን ተቆጣህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ልጅ ከሚናገረው ይልቅ የማይናገረው የሚያሳስብ ጊዜ አለና ጠዋት ጠዋት መሄድ ያስጠላው ልጅ በሰነፍነት ብቻ አይፈረድበት።

ስለ ክረምት ትምህርት አንድ ነገር ልንጨምር እንወዳለን። የሚቀጥለውን ክፍል መጽሐፍ በሐምሌና በነሐሴ አስቀድሞ መጨረስ ጉብዝና እየመሰለን መጥቷል። በአንድ ትምህርት የደከመ ልጅ ያን ትምህርት ቢከልስ መልካም ነው። ነገር ግን አሥር ወር ሙሉ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጦ የዋለ ልጅ ዳግመኛ ከጠዋት እስከ ማታ ቢቀመጥ መስከረም ላይ የሚገባው ደክሞ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ31ኛው አንቀጹ ዕረፍትንና ጨዋታን የልጅ መብት ብሎ ያስቀምጣል። ጨዋታ ለልጅ ትርፍ ነገር አይደለም፤ ሰውነቱ የሚጠነክርበት፣ ከሌላው ጋር መኖር የሚማርበት ሥራው ነው።

ሃምሳ ሎሚ

ለክፍያው አቅም የሌለው ወይም በአካባቢው መዋያ ያጣ ቤተሰብ ምን ያድርግ? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ ይሠራል። ከላይ ወደ ቈጠርነው ሒሳብ እንመለስ። 46ቱን የሥራ ቀን አንድ ቤተሰብ ለብቻው ሊሸፍነው አልቻለም። በአንድ ሕንፃ ወይም በአንድ ግቢ የሚኖሩ ስድስት ቤተሰቦች ቢተባበሩ ግን ለአንዱ ቤተሰብ የሚደርሰው 8 ቀን ገደማ ነው። እናትና አባት ከተካፈሉት ለእያንዳንዳቸው 4 ቀን ይሆናል። ከ16ቱ የዓመት ዕረፍት 12ቱ ለራሳቸው ይቀራል ማለት ነው።

ቦታም አለ። በየኮንዶሚኒየሙ ግቢ ኮሚናል እያልን የምንጠራው የጋራ መገልገያ ቤት ተሠርቷል። ለድግስና ለለቅሶ ካልሆነ በቀር በሥራ ቀን ተቆልፎ የሚውል ብዙ ነው። የነዋሪዎች ማኅበር ኮሚቴን ጠይቃችሁ ለሁለት ወር ጠዋትና ከሰዓት በኋላ እንዲከፈትላችሁ ማድረግ ይቻላል። አንድ ወላጅ በተራው ፈቃድ ወስዶ ይውላል። ለአንድ ሰው አሥራ ሁለት ልጅ ስለሚበዛ አንድ ረዳት ያስፈልጋል። ለክረምት ዕረፍት ወደ ቤቱ የተመለሰ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ወይም ጉልበት ያላቸው ጡረተኛ አስተማሪ ስድስቱ ቤተሰብ አዋጥቶ በሚከፍለው መጠነኛ ገንዘብ ሊያግዙ ይችላሉ። ረዳቱን ስትመርጡ ግን የምታውቁት፣ የሚያውቁት ሰዎችም የመሰከሩለት ይሁን፤ ሁልጊዜም ከወላጁ ጋር እንጂ ብቻውን አይተው።

የቀኑ አዋዋል ከባድ መሆን የለበትም። ጠዋት ዝናቡ ሳይጀምር ውጭ ጨዋታ፦ ገመድ ዝላይ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ኳስ። ከዚያ አንድ ሰዓት ንባብ፤ ትልቁ ለትንሹ ያንብብለት። ምሳ ከየቤቱ በምሳ ዕቃ ይመጣል፤ ቆሎና ንፍሮ ለመክሰስ ይበቃል። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ ገበጣ፣ ሥዕል፣ እንቆቅልሽና ተረት። ለተረቱ የግቢውን አዛውንት ጋብዟቸው። እርሳቸውም ብቻቸውን የሚውሉበት ቀን ነው፤ ልጆቹም በስልክ የማያገኙትን ያገኛሉ።

ክረምቱ ራሱም ለልጆች ሥራ የሚሰጥ ወቅት ነው። ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ነው። ወንዶቹ ጅራፍ መግመድንና ሆያ ሆዬን አስቀድመው ይለማመዱ። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሻደይ፣ አሸንድዬ፣ አሸንዳ የሚባለው የልጃገረዶች ጨዋታ የሚውለውም በዚያው ሳምንት ነው፤ ከዚያ አካባቢ የመጡ እናቶች ለግቢው ልጆች ሁሉ ሊያሳዩ ይችላሉ። ሴቶቹ ልጆች ለዕንቁጣጣሽ አበባየሆሽን ያጥናሉ፤ ሁሉም በየቤቱ የሚሰጡትን የአበባ ሥዕል ይሥላሉ። በሐምሌ የተተከለ ችግኝም እያንዳንዱ ልጅ በስሙ ተቀብሎ ቢንከባከበው በመስከረም ቁመቱን ይለካል።

ዐሥራዎቹ ውስጥ ላሉት

ከ13 እስከ 17 ዓመት ያሉትን ልጆች ከሕፃናት ጋር ቁጭ በሉ ብንላቸው እሺ አይሉንም። እነዚህ የሚፈልጉት ኀላፊነት ነው። ኀላፊነት ካልሰጠናቸው ጫት ቤቱ፣ የኳስ ውርርድ ቤቱና ሌሊቱን ሙሉ የማይዘጋው ስልክ ይቀበላቸዋል።

አንደኛው መንገድ የበጎ ፈቃድ ሥራ ነው። በየክረምቱ ወጣቶች በየወረዳው ተመዝግበው የአቅመ ደካሞችን ቤት ያድሳሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ፣ ታናናሾቻቸውን ያስጠናሉ። ልጃችሁ ሲመዘገብ የት እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚመራው ጠይቁ። ሁለተኛው ትምህርት ነው። በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በክረምት በሳይንስ፣ በቴክኖሎጂ፣ በምህንድስናና በሒሳብ የሚያሠለጥኑ ማዕከሎች አሉ። ተማሪ የሚመርጡት በትምህርት ቤት በኩል ስለ ሆነ ርዕሰ መምህሩን መጠየቅ የሚገባው ትምህርት ሳይዘጋ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም ያለ ክፍያ በኢንተርኔት እንዲሰጥ የተዘጋጀ ነበር። ስልኩ አይቀርም ካልን እንዲህ ላለው ይዋል።

ሦስተኛው ሥራ ነው። ለደብተርና ለጫማ የሚሆን ገንዘብ በክረምት ሠርቶ ማግኘት ለብዙ ልጆች ግዴታ ነው፤ ክብርም ነው። ግን ሕጉን እወቁ። በአዋጅ ቁጥር 1156 መሠረት ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በትርፍ ሰዓት፣ በሳምንቱ የዕረፍት ቀንና በበዓል ቀንም እንዲሠራ ማድረግ አይፈቀድም። ሱቅም ሆነ ጋራዥ ልጃችሁን ሲወስድ እነዚህን በአንደበታችሁ ጠቅሳችሁ ተስማሙ። ቀጣሪው ሕጉን የምታውቅ እናት እንዳለችው ካወቀ ለልጁ ያለው አያያዝ ይለያል።

የሴት ልጃችን ክረምትስ?

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በብዙ ቤት ክረምቱ የሚሸፈነው ከላይ በጠቀስናቸው በአንዱም አይደለም። የሚሸፈነው በታላቂቱ ሴት ልጅ ነው። ዐሥራ ሁለት ወይም ዐሥራ ሦስት ዓመት የሞላት ልጅ ትምህርት በተዘጋ በማግሥቱ የቤቱ እናት ትሆናለች። ታናሾቿን ታበላለች፣ ታጥባለች፣ ወጥ ትሠራለች። ወንድሟ በዚያው ዕድሜ ኳስ ይዞ ይወጣል፤ «ወንድ ነው» ይባላል። መስከረም ላይ አንዱ አርፎ፣ ሌላዋ ደክማ ወደ አንድ ክፍል ይገባሉ። ከዚያም በካርዱ ላይ የእርሷ ደረጃ ሲወርድ «ሴት ልጅ ሲደርስ ትምህርት አይገባትም» ብለን እንፈርዳለን።

ሴት ልጅ ቤት አታግዝ አንልም፤ ልጅ ሁሉ ቤት ማገዝ አለበት። ሥራው ግን በወረቀት ተጽፎ ይከፈል፤ ወንዱም ዕቃ ይጠብ፣ ታናሹን ይጠብቅ፣ ሽሮውን ያማስል። ለእርሷም ከሳምንቱ ውስጥ ማንም የማይነካባት የራሷ ቀኖች ይኑሯት፤ በእነዚያ ቀኖች ትማር፣ ትጫወት፣ ከጓደኞቿ ጋር ትዋል። አቅማችን ለአንድ ልጅ የክረምት ኮርስ ብቻ ቢበቃ ልማዳችን ለወንዱ መክፈል ነውና እስቲ ዘንድሮ ከመወሰናችን በፊት ቆም ብለን እናስብ። እኛ ራሳችን ዛሬ ሥራ ይዘን የወጣነው አንድ ሰው በልጅነታችን ከማድጋና ከምድጃ አጠገብ ስላነሣን ነው።

ምን ይደረግ?

ይህ ጉዳይ ለእናቶች ብቻ የሚተው አይደለም። ትምህርት ቤቶች በክረምት ግቢያቸው ባዶ ነው፤ ክፍል፣ ሜዳና ሽንት ቤት አላቸው። የወላጅ መምህራን ኮሚቴ ከወረዳው ጋር ተነጋግሮ ከክፍሎቹ ጥቂቱን ቢያስከፍት ለአንድ ሰፈር ልጆች ሁሉ መዋያ ይሆናል። መሥሪያ ቤቶችና ፋብሪካዎች የዓመት ዕረፍት ሲደለድሉ ልጅ ያላቸው ሠራተኞች በሐምሌና በነሐሴ ተራ በተራ እንዲያርፉ ማድረግ ይችላሉ፤ የሠራተኛ ማኅበራትም ይህን በኅብረት ስምምነት ውስጥ ሊያስገቡት የሚገባ ጥያቄ ነው። አባቶችም የዕረፍታቸውን ቀን ሲሞሉ የልጆቻቸውን ክረምት ያስታውሱ። ልጅ መጠበቅ ለእናት እርዳታ ማድረግ አይደለም፤ የአባትም ሥራ ነው።

እናንተ ደግሞ ሰኔ ሳያልቅ ይህን አድርጉ። አንድ ወረቀት ወስዳችሁ ዘጠኙን ሳምንት በመስመር ጻፉ፤ በእያንዳንዱ ሳምንት ፊት ልጆቹን የሚጠብቀውን ሰው ስም ሙሉ። ባዶ የቀረው መስመር እርሱ ነው ችግራችሁ፤ ስለ ቀረውም አትጨነቁ። ያንን ወረቀት ይዛችሁ የጎረቤታችሁን በር አንኳኩ። እርሷም ባዶ መስመር አላት። ከበሩ በስተ ጀርባ፣ ልጅ በሚደርስበት ከፍታ ላይ፣ የእናንተንና የአንድ ጎረቤትን ስልክ፣ የፖሊስን 991፣ የእሳት አደጋን 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስን 907 በጉልህ ጽፋችሁ ለጥፉ፤ ልጁም በቃሉ ይያዘው። ቁልፍ ደግሞ ሁልጊዜ ለሁለተኛ ሰው ይሰጥ።

65 ቀን ረጅም ይመስላል፤ ለልጅ ግን አንድ የልጅነት ክረምት ነው፤ ተመልሶ አይመጣም። በጭቃና በዝናብ መካከል ደኅና ሆኖ፣ ተጫውቶና አንድ አዲስ ነገር ተምሮ እንዲወጣ ካደረግነው ክረምቱ አልባከነም። መልካም ክረምት ይሁንላችሁ።